ጭቃ ውስጥ የተተከለ ዲሽ፦ ናሳው ዙምቢን የሚያውቅ አለ?

ማታ_ማታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም የቤቱ ልጆች። ሰሞኑን እንቅልፍ ያሳጣኝ አንድ የብራዚል ባንድ አለ። ፈልጌ አይደለም ያገኘሁት፣ ዩቲዩብ ራሱ ነው ያመጣልኝ። ሌላ ሙዚቃ እየሰማሁ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ድንገት ከበሮ ሲደለቅ ብንን አልኩ። ጎረቤት ሠርግ ያለ ነበር የመሰለኝ።

ባንዱ ናሳው ዙምቢ ይባላል። መጀመሪያ ላይ «ሺኮ ሳይንስና ናሳው ዙምቢ» ነበር ሙሉ ስሙ። ሺኮ ዘፋኙ ነው። ከተማቸው ሬሲፌ ናት፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ የፔርናምቡኮ ግዛት ዋና ከተማ። የወደብ ከተማ ናት። ወንዞች መሃል ለመሃል ያቋርጧታል፣ ድልድይ በድልድይ ናት። ወንዙና ባሕሩ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ የሚበቅልበት ረግረግ ነው። ጭቃ፣ ሸርጣንና የደሃ ጎጆ። የባንዱ ነገር ሁሉ ከዚህ ጭቃ ነው የሚነሳው።

የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በ1994 ነው (የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እዚህ ላይ እንዳታደርቁኝ)። ርዕሱ «ከጭቃ ወደ ትርምስ» እንደማለት ነው። ማራካቱ የሚባል የአገራቸው የከበሮ ምት አለ። እሱን ይዘው ላዩ ላይ ኃይለኛ የሮክ ጊታር ይጭናሉ። ሺኮ ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ያወራል። ፈጣን ወሬ።

ፖርቱጋልኛ አልችልም። ግጥሙን በስልኬ አስተርጉሜ ሳነብ ነው ልቤ የተነካው። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ላይ አንድ የተራበ ሰው ቅርጫት ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ሊሰርቅ። አንዲት አሮጊት በዚያ ስታልፍ የሱን ካሮት ላፍ ታደርጋለች። ሌባው ተሰረቀ! ከዚያ ይለምናታል። በባዶ ሆዱ እንቅልፍ እንደማይወስደው ይነግራታል። ስለ ረሃብ ብዙ ዘፈን ሰምቻለሁ፣ ካሮት ያለበት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥያቄዬ፦ የምታውቋቸው አላችሁ? ማራካቱስ ምንድን ነው? ሳምባ ነው እንዴ?

ሽሮ_ፈሰስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:22

ስለ ብራዚል የማውቀው ኳስና ቡና ነው። ሁለቱም ላይ ቂም አለብኝ። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:03

አሁን ሁለት ዘፈን ሰማሁላችሁ። ማታ_ማታ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አዲስ ነገር አላየሁበትም። በ90ዎቹ ራፕና ከባድ ጊታር ያልቀላቀለ ማን አለ? አሜሪካኖቹ ጀመሩት፣ ዓለም ተከተለ። እነዚህ ደግሞ ከበሮ ጨመሩበት። የከበሮው ድምፅ ራሱ ቀጭን ነው። ጣሳ የሚመቱ ነው የሚመስለው።

ቆዳና_ጠፍር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:35

ከበሮ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ሥራዬ ነው። ማታ_ማታ፣ አመሰግናለሁ፣ ይህን ባንድ ካነሳ ሰው ጋር ተገናኝቼ አላውቅም።

መጀመሪያ፣ ሳምባ አይደለም። ሳምባ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የሪዮ ነው የሚታወሰን። ማራካቱ የፔርናምቡኮ ነው። መነሻው የባርነት ዘመን ነው። በፖርቱጋሎች አገዛዝ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን «የኮንጎ ንጉሥ» እያሉ ከመካከላቸው ንጉሥና ንግሥት ያነግሡ ነበር። ዘውድ የሚጫነው በጥቁሮቹ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ውስጥ ነበር። ማራካቱ የዚያ ንግሥ ሰልፍ ነው። ዛሬም በካርኒቫል ጊዜ ንጉሡና ንግሥቷ በጃንጥላ ሥር ይሄዳሉ። ከፊታቸው አንዲት ሴት ካሉንጋ የምትባል አሻንጉሊት ይዛ ትጨፍራለች። አሻንጉሊት ማለቴ የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የአባቶች መንፈስ ያለባት፣ የተከበረች ናት። ከበሮው ከኋላ ይከተላል።

እያንዳንዱ ቡድን ራሱን «ናሳው» ይላል። አገር፣ ሕዝብ ማለት ነው። የባንዱም ስም ከዚያ ነው። ዙምቢ ደግሞ ፓልማሬስ የሚባለው፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ያቋቋሙት ነፃ ሰፈራ መሪ ነው። ፖርቱጋሎች ኅዳር 20 ቀን 1695 ገደሉት። ዛሬ ያ ቀን በብራዚል የጥቁሮች ቀን ነው። እንግዲህ «የዙምቢ ሕዝብ» ብለው ራሳቸውን ሲጠሩ ለማማር አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው። ትልቁ ከበሮ አልፋያ ይባላል። ገላው እንጨት ነው፣ አፉና ታቹ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው የሚወጠረው በገመድ ነው። ሲላላ ገመዱን ትስበዋለህ። በትከሻ ይንጠለጠላል፣ በሁለት ዱላ ይመታል። ከሱ ጋር ጎንጌ የሚባል ትልቅ የብረት ቃጭል አለ፣ ሰዓት ጠባቂው እሱ ነው። ካይሻ የሚባለው ደግሞ ስኔር ነው (ታቹ ላይ ሽቦ የተወጠረበት ትንሽ ከበሮ)፣ ሳያቋርጥ ይንተከተካል። አቤ የሚባልም አለ፣ ዶቃ በመረብ የለበሰ ቅል ነው።

አልፋያዎቹ ሁሉም አንድ ነገር አይመቱም። ወፍራሙ መሬቱን ይይዛል። መካከለኛው ይመልስለታል። ትንሹ በመሃል እየገባ ይበጠብጣል። አድማጩ ጠንካራው ምት ይመጣል ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ባዶ ይተዉለትና ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብለው ይወርዳሉ። ማታ_ማታ፣ ብንን ያደረገሽ እሱ ነው።

የአራት ኪሎው ወንድሜ፣ «ቀጭን ነው» ባልከው ላይ ግን እውነትህን ነው። የመጀመሪያው አልበም ላይ ድራም ሴት፣ ያ ተቀምጠው የሚመቱት የባንድ ከበሮ፣ የለም። አልፋያና ካይሻ ብቻ ነው። አልበሙን ሪዮ ወስደው ሊሚንያ የሚባል ስመ ጥር ፕሮዲውሰር ነው የሠራው። ጥሩ ባለሙያ ነው። ግን የአልፋያን ጉልበት ማይክ ውስጥ ማስገባት ሌላ ጉድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቅሬታ ያነሳል። እኔም ስሰማው ያንገበግበኛል። በ1996 የወጣውን ሁለተኛውን አልበም፣ «አፍሮሲበርዴሊያ»ን ስማና ንገረኝ።

ሽሮ_ፈሰስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:01

ንጉሥ፣ ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ ሰልፍ። ወንድሜ ጥምቀት ነው እንዴ የምትነግረን?

ቆዳና_ጠፍር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:09

😂 ገና ብዙ አለ። ከጥንቶቹ ቡድኖች አንዱ በ1863 የተመሠረተ ነው፣ ስሙ ሲተረጎም «ዘውድ የጫነ አንበሳ»። ግን ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እዚህ ቤት ደግሞ ነገ «ብራዚሎች ከእኛ ወሰዱት» የሚል ክር እንዳይከፈት ፈራሁ።

ሰናይት_ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:48

ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ በሥራ በኩል ነው የማውቃቸው። አብሮኝ የሚሠራ የሬሲፌ ሰው አለ። በነገራችን ላይ እነሱ «ሄሲፊ» ነው የሚሏት፣ «ሬሲፌ» ስለው ሁልጊዜ ይስቃል።

አንድ ቀን መኪናው ውስጥ አንድ ዘፈን ከፈተልኝ። ከመጀመሪያው አልበም ነው፣ ስለ ወንዝና ድልድይ የሚያወራው። መሃሉ ላይ ዘፋኙ የሆነ ነገር መደርደር ጀመረ። ማካሼይራ፣ ኢምቢሪቤይራ፣ ካዛ አማሬላ፣ ቦዋ ቪያዥ... ጓደኛዬ አብሮ እየጮኸ ይቆጥራል። ምንድን ነው አልኩት። የሰፈር ስም ነው አለኝ። ብቻውን፣ ያለ ምንም ማብራሪያ፣ የሰፈር ስም ዝርዝር።

እኔ ወዲያው የታሰበኝ ታክሲ ረዳት ነው። ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት፣ ጦር ኃይሎች! እንደዚያ ነው የሚለው፣ በዚያው ትንፋሽ። ቀና ስል ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አሥራ ምናምን ዓመት አገሩ አልገባም። እኔም ተከትዬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ በማላውቃቸው ሰፈሮች። መብራት በርቶ የኋላ መኪና ጥሩምባ እስኪነፋብን ድረስ።

ስለዚህ የአራት_ኪሎ_ልጅ፣ ጊታሩን ተወው። ይህን የመሰለ ነገር ማን አሜሪካዊ ሰጣቸው?

የአራት_ኪሎ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

ሰናይትዬ፣ ሰፈር መጥራት ራሱ የራፕ ጠባይ ነው። ራፐር ሁሉ ሰፈሩን ነው የሚጠራው። ክፉ ናቸው አላልኩም፣ ጎበዞች ናቸው። ከበሮ ስላለበት «ባህላዊ» መባሉ ላይ ነው ችግሬ። የዘፋኙ ስም ራሱ ሳይንስ! የእንግሊዝኛ ቃል!

ቆዳና_ጠፍር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰውዬው ራፕ አይወድም አላልንም። በ80ዎቹ የሬሲፌ ጎረቤት ከተማ በሆነችው ኦሊንዳ ውስጥ ብሬክዳንስ ከሚጨፍሩ ልጆች አንዱ ነበር። ጀምስ ብራውን አምላኩ ነው። አልደበቀም።

ግን ያ ፈጣን አወራር ከኒው ዮርክ ብቻ አልመጣም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ኤምቦላዳ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ሰዎች ሻኩራ ያለበት ትንሽ የእጅ ከበሮ ይዘው ገበያ ወይም ባሕር ዳር ይቆማሉ። እየተቀባበሉ ግጥም በቅጽበት እየፈጠሩ ይሰዳደባሉ። ምላስ እስኪጠላለፍ ይፈጥናሉ። የቆመውንም ሰው ይነካካሉ፣ ቦርጭህን፣ ጫማህን። ሰው እየሳቀ ሳንቲም ይወረውራል። አዝማሪ ቤት ገብቶ የተሰደበ ሰው ይህን ለመረዳት ማስተርጎም አያስፈልገውም። ሂፕሆፕ ሳይወለድ በፊት የነበረ ነው። ሺኮ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ሰማ፣ አገናኛቸው።

እንዴት እንደተነሱም ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሺኮ የከተማው ማዘጋጃ ቤት የኮምፒውተር መረጃ ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። ዕለት ዕለት ቢሮ የሚገባ ሰው። ሉስታል የሚባል ባንድ ነበረው፣ ሮክና ፈንክ የሚጫወት። እዚያው መሥሪያ ቤት ዢልማር የሚባል ከበሮ መቺ ባልደረባ ነበረው። ይህ ሰው ነው «ና እስቲ የኛን ልምምድ እይ» ብሎ የወሰደው። ላሜንቱ ኔግሩ የሚባል የሰፈር የከበሮ ቡድን ነው፣ ኦሊንዳ፣ ፔይሺንዮስ ሰፈር። ድሃ ሰፈር ነው። ሺኮ ቆሞ ሰማና ሁለቱን ባንድ አንድ ላይ ማድረግ አለብን አለ። ሉሲዮ ማያ በጊታር፣ ዴንጊ በቤዝ፣ ከወዲያ የከበሮ ልጆቹ። ናሳው ዙምቢ ይኼ ነው። ከቢሮ ሻይ እረፍት የተወለደ ባንድ።

መምህር_ዘ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ልጆች፣ ሙዚቃው ላይ ለእናንተ እተዋለሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ።

ያቺ ካሮት የተነሳችበት ዘፈን ላይ ዘፋኙ አንድ ስም ይጠራል፣ ዦዙዌ ይላል። ለመሆኑ ማን እንደሆነ አይታችኋል? ዦዙዌ ዲ ካስትሮ ነው። በ1908 ሬሲፌ የተወለደ ሐኪም ነው። ስለ ምግብና ረሃብ የጻፈ ሰው፣ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የምክር ቤት ሊቀመንበርም ነበር። በ1946 የረሃብን ጂኦግራፊ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ዘመን ረሃብ ከድርቅና ከሰው ብዛት የሚመጣ የተፈጥሮ ቁጣ ነው ይባል ነበር። እሱ የለም፣ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ስለሆነ ነው፣ ሰው ሠራሽ ነው አለ። እኔ በተማሪነቴ ነው ያነበብኩት። በ1964 ወታደሮች መንግሥት ሲገለብጡ መብቱን ገፈፉት። በስደት ፓሪስ በ1973 ሞተ።

ይህ ሰው ስለ ሬሲፌ ረግረግ የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጭቃው ላይ ጎጆ የቀለሱ ድሆች ሸርጣን እያጠመዱ ይበላሉ። ቆሻሻቸው ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ሸርጣኑ ያንን ጭቃ ይበላል። ሰውዬው እንደገና ሸርጣኑን ይበላል። ሰውና ሸርጣን እየተበላሉ አንድ ሥጋ ሆኑ ይላል።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች ራሳቸውን «ሸርጣን» ብለው ሲጠሩ ያንን ሐኪም አንብበው ነው። ቀልድ አይደለም።

ማታ_ማታ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሳላውቅ ነው ካሮቷን እንደ ቀልድ የሳቅኩባት። ደግሞ ልቤ አዘነ።

ሽሮ_ፈሰስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:31

የዘፈኑ ሰውዬ ግን ሆዱ ሞላ ሲል ማሰብ እንደጀመረም ይናገራል አይደል? ትርጉሙን እኔም አየሁት። ትንሽ ሲጠግብ ጭንቅላቱ ሠራ። ሽሮ በልቼ ስነሳ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ቁም ነገር ልጠይቅ፦ ርዕሱ ላይ ያለው ዲሽ የታለ? እስካሁን ዲሽ አላየሁም።

ማታ_ማታ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:58

አዎ ረሳሁት! በ1992 ፍሬድ ዜሮ ኳትሮ የሚባል የሌላ ባንድ ዘፋኝ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። ባንዱ ሙንዱ ሊቭሪ ይባላል፣ የነሺኮ ጓደኞች ናቸው። የጽሑፉ ርዕስ «አንጎል ያላቸው ሸርጣኖች»። ለጋዜጣ የተላከ መግለጫ ነበር፣ በኋላ የንቅናቄው ማኒፌስቶ ሆነ። ንቅናቄው ማንጊቢት ይባላል።

ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነው። ወንዞቹና ረግረጉ የከተማዋ ደም ሥር ናቸው። ለግንባታ እየተባለ ተደፈኑ። አንድ ዋሽንግተን የሚገኝ ተቋም ሬሲፌን በዓለም ላይ ለኑሮ ከከፉ ከተሞች አራተኛ አድርጓታል ይላል። ልቧ ሊቆም ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ጭቃው ውስጥ ዲሽ ትከል ይላል። እግርህ ሰፈርህ ጭቃ ውስጥ ይሁን፣ ጆሮህ ግን የዓለምን ሁሉ ሞገድ ይያዝ። ሸርጣን ሆኖ ዲሽ የተሸከመ ማለት ነው።

እኛ ቤት ዲሽ ስናስገባ አባቴ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሲያዞር «መጣ! ሄደ! መጣ!» ያልኩት ትዝ አለኝ።

የአራት_ኪሎ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:45

እኔም ቤት ሥራዬን ሠርቼ መጣሁ። ለካ ብቻዬን አይደለሁም! አሪያኑ ሱዋሱና የሚባል ታላቅ ደራሲ አላቸው። በ1970 አርሞሪያል የሚባል ንቅናቄ የመሠረተ ነው፣ ከሕዝቡ ባህል ተነስተን ጥበብ እንሥራ፣ የውጭውን እንተው የሚል። ሺኮን ሙዚቃውንም ስሙንም አልወደደለትም። «ሳይንስ» የሚለውን እንግሊዝኛ አልቀበልም፣ በራሳችን ቋንቋ «ሲዬንሲያ» በሉት ነበር የሚለው። የራሳቸው ሽማግሌ ናቸው እንግዲህ፣ እኔ አይደለሁም።

ሰናይት_ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀ። «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ» አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አለ፣ እንዲህ ተርጉሜዋለሁ፦ እሱ ልጅ ሳለ የሰፈሩ ወጣት ማራካቱን የአያቶች ነገር አድርጎ ነበር የሚያየው። ሺኮ ከመጣ በኋላ ነው አልፋያ መግዛት የተጀመረው። የመካከለኛ መደብ ልጆች ሳይቀሩ ከበሮ ተሸክመው ልምምድ ይሄዱ ጀመር። ያንን ደግሞ ያልወደዱ አሉ አለ። ባህሉ የጥቁሮችና የድሆች ነው፣ ሃይማኖትም አለበት፣ ስፖርት አይደለም የሚሉ። እሱ ራሱ ከነሱ ጋር ነው ልበል ወይስ አይደለም፣ አልገባኝም። ጉዳዩ እዚያም አላለቀም መሰለኝ።

ቆዳና_ጠፍር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:12

የሃይማኖቱ ነገር እውነት ነው። የካርኒቫል ሰኞ ሌሊት ሬሲፌ ውስጥ የማራካቱ ቡድኖች አንድ አሮጌ አደባባይ ላይ ይሰበሰባሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን መብራት ይጠፋል፣ ከበሮው ሁሉ ጸጥ ይላል። በባርነት ለሞቱት ጸሎት ይደረጋል። «የጸጥተኞቹ ከበሮዎች ሌሊት» ይሉታል። መቶ ከበሮ በአንዴ ዝም ሲል አስቡት። እኔ በቪዲዮ አይቼ ነው ቆዳዬ የተነሳው።

አዳነ_ከሳኦፓውሎ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:05

ቤቶች፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ሳኦ ፓውሎ ወራት ተቀምጬ ነው ያለፍኩት፣ ማለፊያ ሆና ነው ያለቀችብኝ። እዚያ ስለ ዕለት ኑሮ ከተባለ ግን ከነሺኮ በፊት የምጠራው አለኝ። ዴሞኒዩስ ዳ ጋሮዋ። «የካፊያ አጋንንት» ማለት ነው። ሳኦ ፓውሎ የካፊያ ከተማ ትባል ነበር፣ ከዚያ ነው። በ1943 የተመሠረተ የሳምባ ቡድን ነው፣ እስከ ዛሬ አለ። አባላቱ በየጊዜው ይቀየራሉ።

ዘፈኖቻቸውን በብዛት የጻፈላቸው አዶኒራን ባርቦዛ ነው። የጣሊያን ስደተኞች ልጅ። ሆን ብሎ ሰዋስው በተሰባበረ የሰፈር ፖርቱጋልኛ ነበር የሚጽፈው። የቤቱ አከራይ አንድ ዘፈናቸውን ሲዘፍንልኝ ቃሉን ጠይቄ ነው የተማርኩት። አንድ ሰው ፍቅረኛው ጋር አምሽቷል። ግን መሄድ አለበት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ (በእነሱ አቆጣጠር፣ በኛ 5 ሰዓት) የሚነሳው ባቡር ካመለጠው እስከ ነገ ጠዋት ሌላ የለም። ቤቱ ሩቅ ነው፣ ዣሳናን። ደግሞ እናቱ እሱ ሳይገባ አትተኛም፣ አንድ ልጇ ነው። አለቀ። ዘፈኑ ይኼ ነው። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ይህን የማይዘፍን ሰው አላገኘሁም።

ሌላው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሦስት ቤት የለሽ ጓደኛሞች አንድ ቦታ ላይ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። አንድ ቀን ሰዎች የማፍረሻ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ፣ ባለቤቱ ይፍረስ ብሏል ይላሉ። ንብረታቸውን አውጥተው መሃል መንገድ ላይ ቆመው ያያሉ። እያንዳንዱ ጣውላ ሲወድቅ ልባቸውን ያማቸዋል። አንዱ ሊጮህ ሲል ሌላው ተው ልክ ናቸው፣ ሌላ ቦታ እናገኛለን ይለዋል። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ አለ። ይህን በሚያስጨፍር ሳምባ ነው የሚዘፍኑት። ሰው እየሳቀ ይዘፍነዋል። መጀመሪያ የገባኝ ቀን ወጥቼ ሲጋራ አጨስኩ፣ አላጨስም እኮ።

ሽሮ_ፈሰስ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:30

አዳነ፣ እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። የእናቴ ቤት ሲፈርስ እኔም መንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። በሩን ብቻ ይዘን ሄድን። አሁንም አለ፣ በር ብቻውን፣ እህቴ ቤት ግድግዳ ተደግፎ። ማንም አይከፍተው፣ ማንም አይዘጋው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:41

አይዞህ ወንድሜ።

አወያይ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5:10

ስለ ቤት ፈረሳ በተለየ ክር ተወያዩ፣ እዚህ ሙዚቃው ላይ እንቆይ። ሽሮ፣ የአንተን ጽሑፍ ግን አላነሳውም።

ማታ_ማታ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

እኔ ደግሞ ዛሬ ነው ሺኮ መሞቱን ያወቅኩት። እንዴት አልነገራችሁኝም? አሁን ያለ ሰው መስሎኝ ቀጣይ ኮንሰርት የት ነው እያልኩ ስፈልግ ነበር።

ቆዳና_ጠፍር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:55

እህቴ፣ ያወቅሽ ነበር የመሰለኝ፣ ይቅርታ። የካቲት 2 ቀን 1997። በፈረንጅ የካቲት ማለቴ ነው፣ በእኛ ጥር መጨረሻ። ከሬሲፌ ወደ ኦሊንዳ መኪና ሲነዳ ተጋጭቶ ሞተ። ካርኒቫል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። 30 ዓመቱ ነበር። ሁለት አልበም ብቻ ነው የሠራው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ከታዋቂው ብራዚላዊ ዘፋኝ ከዥልቤርቶ ዢል ጋር መድረክ ላይ ወጥተው ነበር። መንገዱ ገና መከፈቱ ነበር።

ባንዱ ግን አልፈረሰም። ዦርጂ ዱ ፔይሺ የሚባለው፣ ከኋላ አልፋያ ይመታ የነበረው፣ ማይኩን ያዘ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፣ የሺኮን እሳት አልሞከረም። ለዚህ አከብረዋለሁ። ሺኮ የሚለው ስም ከፊት ወጣና ናሳው ዙምቢ ብቻ ሆኑ። በ2007 ያወጡት አልበም ስሙ «የሁሉም ነገር ረሃብ» ነው። ያ ሐኪም አሁንም አብሯቸው አለ ማለት ነው።

ሰናይት_ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:18

ጓደኛዬ ፎቶ አሳየኝ። ሬሲፌ ካፒባሪቢ ወንዝ ዳር ትልቅ የብረት ሸርጣን አቁመዋል፣ ለዚህ ንቅናቄ መታሰቢያ። ልጆች ይወጡበታል።

የአራት_ኪሎ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:33

እሺ። «አፍሮሲበርዴሊያ»ን ሙሉውን ሰማሁ። በጆሮ ማዳመጫ፣ በጨለማ። ከበሮው እዚህኛው ላይ ሥጋ አለው፣ ድራም ሴትም ገብቷል። «ማራካቱ አቶሚኮ» የሚባለውን አራት ጊዜ ደገምኩት። ቆይቼ ሳይ የራሳቸው ዘፈን አይደለም፣ ከ70ዎቹ የዦርጂ ማውትነርና የኔልሶን ዣኮቢና ነው። ግን የነሱ አድርገውታል።

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አላልኩም። ጊታሩ አሁንም ይበዛብኛል። ሁለት ሦስት ዘፈን ላይ ጊታሩ ዝም ቢል ደስ ይለኝ ነበር።

ቆዳና_ጠፍር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:50

ጊታሩ ዝም እንዲልልህ ከፈለግክ የማራካቱ ቡድኖቹን ራሳቸውን ስማ። «ኢስትሬላ ብሪሊያንቲ» ብለህ ፈልግ፣ የሚያበራ ኮከብ ማለት ነው። ከዚያ ተመልሰህ ነሺኮን ስትሰማ ምኑን ከየት እንዳመጡት ጆሮህ ራሱ ይለይልሃል። የገጠሩ ማራካቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፣ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ነው። ጦር ይዘው፣ ባለ ጥብጣብ ካባ ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ አበባ በአፋቸው ነክሰው ይሮጣሉ። ጥሩምባ አለው፣ ገጣሚዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በግጥም ሲሞጋገቱ ያድራሉ። ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል፣ ጊዜ ሳገኝ እከፍታለሁ።

ማታ_ማታ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

ቆዳና_ጠፍር፣ ያ ምት እንዴት ነው የሚመታው? ጠረጴዛ ላይ እየሞከርኩ አልሆነልኝም።

ቆዳና_ጠፍር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

በቀኝ እጅሽ ጀምሪ፣ ወፍራም፣ ዝግ። ግራሽ ቀለል ይበል። እግርሽን መሬት ላይ እንደ ሰዓት ምቺ፣ እጅሽ ግን ከእግርሽ ጋር እንዳይወርድ ተጠንቀቂ። ሲገጥም ተሳስተሻል ማለት ነው። ባዶ ጀሪካን ካለ ከጠረጴዛ ይሻላል።

ማታ_ማታ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:47

ባለ 20 ሊትሩን አመጣሁ። አንዴ ሆነልኝ፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ከታች ያሉት እትዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን እየመቱ መለሱልኝ። እንደው ቢደንቃችሁ፣ የእሳቸው ምት ከእኔ ይሻላል።